ለጨለማ የተሰናዳ ክፍል

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሰው የቤት ስቱዲዮ ፎቶ ይመጣብኛል። ነጭ ግድግዳ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ሰማያዊ መብራት፣ አንዲት ማይክ፣ አንዲት አበባ። ያምራል፤ አልዋሽም። ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው አለኝ። ገመዱ የት ገባ? ዘፋኙ ጃኬቱን የት ሰቀለ? ሻዩንስ የት አስቀመጠው? ሰው የሚውልበት ክፍል ዱካ ሳይኖረው አይቀርም። እነዚያ ክፍሎች ለፎቶው ተጠርገው ማግስቱን ወደነበሩበት የሚመለሱ ይመስለኛል። ምቀኝነት ነው ካላችሁኝም አልከራከርም።

የእኔዋ ክፍል ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው ያለችው፤ ቤተሰቦቼ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ናት። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ወለሏ ሊሾ፣ ኮርኒሷ ማዳበሪያ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ይመጣሉ፣ የሰፈር ልጆች ለሠርግ የሚሆን ዘፈን ይቀዳሉ፣ መዝሙር የሚቀዱ አሉ፣ አንዳንዴም አዝማሪ ብቅ ይላል። እንዲህ ያለችን ክፍል ለዓይን ማሳመር ከንቱ ድካም ነው። ማሰናዳት ግን ይቻላል። የመሰናዳቷን ልክ የማውቀው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ነው።

ማታ ሰው እየዘፈነ ድርግም ይላል። ያኔ ስልኬን ሳላበራ፣ ከወንበሬም ሳልነሳ፣ ግራ እጄን ብሰድ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን የመብራት ማከፋፈያ ማጥፊያ፣ ቀኝ እጄን ብሰድ ላፕቶፑን፣ ቀና ብል ከአናቴ በላይ የተንጠለጠለውን የእጅ ባትሪ ካገኘሁ ክፍሌ ተሰናድታለች። ከሦስቱ አንዱን ፍለጋ ከዳበስኩ ግን ወለሉ የቱንም ያህል ቢወለወል ዋጋ የለውም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ከዕቃው አሠራር የመጣ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው። ሳውንድ ካርዴ፣ የማይኩን ድምፅ ተቀብሎ ለላፕቶፑ የሚያቀብለው ዕቃ፣ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ኃይል የሚስብ ዓይነት ነው፤ ኮንደንሰር የሚባለው፣ ያለ ኃይል የማይሠራው የማይክ ዓይነት የሚፈልገውን 48 ቮልትም ራሱ ነው የሚልክለት። ስለዚህ የግድግዳው መብራት ቢሄድ ማይኩ አይሞትም፣ ማዳመጫው አይዘጋም፣ ቀረጻውም አይቋረጥም። የሚሞቱት ስፒከሮቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሰው ማይክ ፊት ቆሞ ሲዘፍን ድሮም ዝም ነው የሚሉት። ይህን ያወቀ ዘፋኝ በጨለማው ውስጥ ይቀጥላል። ዓይነ አፋር ተማሪ እንዲያውም ያኔ ነው ድምፁ የሚወጣለት። ከምወዳቸው ቅጂዎች አንዳንዶቹ ሻማ እንኳ ሳይለኮስ የተቀዱ ናቸው።

አደጋው መብራቱ ሲመለስ ነው። ሁልጊዜ 220ውን ጠብቆ አይመጣም፤ ዘሎ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ስፒከር ክፍት ሆኖ ኃይል ዘሎ ሲገባበት የሚሰማው «ጓ!» ኪስን ነው የሚያመው። ስለዚህ መብራት እንደሄደ መጀመሪያ ማከፋፈያው ይዘጋል። ሲመለስ ጥቂት ታግሶ ስታብላይዘሩ፣ ከዚያ ሌላው ዕቃ፣ በመጨረሻ ስፒከሮቹ ይከፈታሉ። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ በተቃራኒው ስፒከር ይቀድማል። ይህን ቅደም ተከተል የማያውቅ ባለ ስቱዲዮ ያለ አይመስለኝም፤ ጥያቄው ማከፋፈያው የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ብዙ ቤት ያየሁት ጠረጴዛ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ በአቧራና በገመድ ተቀብሮ ነው። ለመዝጋት ተንበርክኮ መዳህ ይጠይቃል። የእኔው ጠረጴዛው እግር ላይ፣ ተቀምጬ እጄ በሚያርፍበት ቁመት በብሎን ታስሯል። በክፍሏ ውስጥ ከሁሉም የምትኮራበት የቱ ነው ብትሉኝ ማይኩን ሳይሆን እሱን ነው የማሳያችሁ።

የገመድ መዝረክረክም የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመብራት ገመድ የሚሸከመው በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኃይል ነው፤ የማይክ ገመድ የሚሸከመው ግን ከእሱ አንጻር ኢምንት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቃቅፈው ረጅም መንገድ ከሄዱ ያ 50 ወደ ማይኩ ይሻገርና «እምምም» የሚል ነገር ከዘፈኑ ሥር ይተኛል። ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ ይህን ለመከላከል የተሠራ ነው። አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ቀጥ አንዱን ገልብጦ ይልከዋል፤ መድረሻው ላይ የተገለበጠው ሲቃና በመንገድ የገባባቸው ሁካታ እርስ በርሱ ይጣፋል። የጊታርና የኪቦርድ ገመድ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ መከላከያ የለውም። እኔ ጋ የመብራት ገመድ በሙሉ የሚሄደው በግራ ግድግዳ ነው፣ የድምፅ ገመድ በሙሉ በቀኝ። መገናኘት ግድ የሆነበት ቦታ ላይ ተሻግረው በመስቀለኛ ያልፋሉ እንጂ አብረው አይጓዙም።

አጠቃለሉም ጣጣ አለው። በመዳፍና በክርን መሃል እያዞሩ መጠቅለል የሁሉም ሰው ልማድ ነው፤ ገመዱ ግን በየዙሩ እየተጠመዘዘ ቀጫጭኑ ሽቦ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። ከዚያ «ማይኩ ተበላሸ» ይባላል። የሚሻለው አንዱን ዙር እንዲሁ አዙሮ ቀጣዩን ከሥር ገልብጦ መያዝ ነው። በዚህ መልክ የተጠቀለለ ገመድ አንድ ጫፉን ይዘው ቢወረውሩት ሳይቋጠር እስከ በሩ ይዘረጋል። እጅ እስኪለምደው ያናድዳል፣ ከለመደው በኋላ ግን ሌላውን አጠቃለል ማየት ያማል።

የሚሰቀልበትን ነገር ያገኘሁት ከቤቱ ከራሱ ነው። ጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይወድም፤ ዛሬ የመታኸው ነገ ከነልስኑ ይወርዳል። የድሮ ሰዎች ግን መላ ነበራቸው፤ ግድግዳው ሲመረግ የቀንድ ወይም የእንጨት ኩላብ አብሮ ይቀበራል። ይህች ክፍል ሰርቪስ ከመሆኗ በፊት የአያቴ ማደሪያ ነበረች፣ ጋቢያቸውና ጭራቸው የሚሰቀልባቸው የቀንድ ኩላቦች እስከዛሬ ንቅንቅ አላሉም። አሁን አንዱ ላይ ማዳመጫ፣ አንዱ ላይ የማይክ ገመድ፣ በሩ አጠገብ ያለው ላይ ክራር ተሰቅሏል። ቀንድ ልስልስ ስለሆነ የገመድ ልባስ አይፍቅም፤ ቆልመም ስላለም የሰቀሉበት አይወድቅም። ገበያ ሄጄ ከዚህ የተሻለ መስቀያ የምገዛ አይመስለኝም።

እያንዳንዱን ጥቅል የማስረው በጥለት ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ የሚጥለውን የጥለት ቁራጭ ያስቀምጥልኛል፤ አረንጓዴው ለማይክ፣ ቀዩ ለመብራት፣ ቢጫው ለማዳመጫ። ያምራልም። በጨለማ ግን ቀለም አይታይም። ስለዚህ ቋጠሮ ጨመርኩበት፤ የማይኩ ጥለት ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የማዳመጫው ላይ ሁለት፣ የመብራቱ ላይ ምንም። ጣት ቋጠሮውን ሲነካ የትኛው እንደሆነ ያውቃል፤ ዓይንን መጠየቅ የለም።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕቃ ነው። ከሁሉ የከበደው ግን ክፍሉን ከጽዳት ማዳን ነበር።

የፋሲካ ሰሞን ነው። እኔ ከተማ ወጥቼ ስመለስ እማዬ ሰርቪሷን ከፍታ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ግማሽ ዕቃዬን ግቢ ላይ ዘርግታለች። ግድግዳ አስደግፌው የነበረው የጥጥ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ነው። በሩ ላይ የጋረድኩት ብርድ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ምንጣፉ የለም። ቁምሳጥኑ ውስጥ ሆን ብዬ የከመርኩት አሮጌ ልብስ ሁሉ ተጠቅልሎ ለሰው ሊሰጥ ማዳበሪያ ውስጥ ገብቷል።

«እማዬ፣ ፍራሹን ምን አደረግሽው?»

«ፀሐይ እየሞቀ ነዋ! ዓመት ሙሉ ግድግዳ አስደግፈኸው ቁንጫ ልታረባ ነው?»

«ሥራ ላይ ነበር እኮ።»

«የፍራሽ ሥራው መተኛት ነው። ያንተም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም።»

ክፍሏ ታበራለች። ሊሾው ላይ ፊት ይታያል። ማታ አንድ ተማሪ መጣ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ፣ አንድ ስንኝ ዘፈነና ቆመ። «ምነው ድምፄ ባልዲ ውስጥ ገባ?» አለኝ። ልጁ እውነቱን ነው። ጠንካራና ልሙጥ ነገር ድምፅን ይመልሳል፤ ወፍራምና ለስላሳ ነገር ይውጠዋል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ግንብ ውስጥ ገብቶ አንዴ ያጨበጨበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ጭብጨባው ቶሎ አይሞትም። ለንጉሥ ግርማ ነው። ማይክ ፊት ለቆመ ዘፋኝ ግን ድምፁ ላይ ሌላ ድምፅ መደረብ ነው፣ አንዴ ከተቀዳ ደግሞ የሚያወጣው የለም።

እናም ያ ዝርክርክ ይመስል የነበረው ሁሉ ሥራ ይዞ ነበር። ፍራሹ ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ይሸፍናል። ክፍቱ ቁምሳጥን በልብሱ ድምፅ ይውጣል፤ ልጆቹን ፊታቸውን ወደ ቁምሳጥን አዙሬ ሳዘፍናቸው የሚስቁት ሳይሰሙት ነው። ምንጣፉ የሊሾውን ጩኸት ያፍናል። ቤት ማጽዳት ማለት ማራቆት ከሆነ ስቱዲዮ ባይጸዳ ይሻላል። እማዬ በበኩሏ ስለ ቁንጫው ልክ ናት፤ በክፍሉ ውስጥ ከሰው ላብና ትንፋሽ ጋር የሚከርም ጨርቅ ፀሐይ ማየት አለበት። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ጨርቅ ይወጣል፣ ይራገፋል፣ ከምሳ በኋላ ወደየቦታው ይመለሳል። የትኛው የት እንደነበረ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ቀረጻ የለም።

ስለ ልስላሴ ካነሳሁ አይቀር የእንቁላል ካርቶን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ስንት ክፍል ነው ግድግዳው በሙሉ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠው! ድምፅ እንዳይወጣና እንዳይገባ የሚከለክለው ክብደት ነው፤ ካርቶን ክብደት የለውም። ማስተጋባትን የሚውጠው ውፍረት ነው፤ ካርቶን ውፍረትም የለውም። አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፤ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም የከበሮ ድምፅ አንድ ማዕበሉ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ድምፅ በደንብ ለመዋጥ የማዕበሉ ሩብ፣ ማለትም 85 ሴንቲ ሜትር ግድም የሚሆን ጥልቀት ያስፈልጋል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ የሚበላው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፤ ጉርምርምታው እንዳለ ይቀራል፣ ክፍሉም የታፈነ ይሆናል። ካርቶኑ በጥርጥር የማይታማበት አንድ ችሎታው አቧራና በረሮ መሰብሰብ ነው። በዚህ በኩል ጭቃ ቤት ዕድለኛ ነው፤ ግድግዳው ከባድ ስለሆነ የመንገዱን ባጃጅ በደንብ ይመክታል። የሚያስገባው በሩ፣ መስኮቱና ጣሪያው ነው።

አቧራ። ከጥቅምት ወዲያ ዝናቡ ካቆመ ጎንደር አቧራ ናት፤ በር ባይከፈትም ይገባል። መጥረጊያ አቧራን አያወጣም፣ ከወለል አንስቶ ወደ ማይክ ያሻግረዋል እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ይሸፈናል፣ ኪቦርዱ በነጠላ፣ ላፕቶፑ ተዘግቶ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለወላል። ማይኩ ስታንድ ላይ አያድርም። እንደተጠቀምኩበት 48 ቮልቱን አጥፍቼ፣ ትንሽ ጠብቄ፣ ነቅዬ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል። አብራው የምትገባ ነገር አለች፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው፣ እርጥበት የምትመጠው ትንሽ ከረጢት። ሰው ይጥላታል፣ እኔ ከጎረቤት ሁሉ እለምናታለሁ። ኮንደንሰር ማይክ ውስጥ ያለው ድምፅ የሚቀበለው ስስ ልባስ ከአቧራም ከእርጥበትም ጋር አይስማማም።

ጭስም አለ። የእማዬ ቡና ከሰርቪሷ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው የሚፈላው። የዕጣን ጭስ ደስ ይላል፤ ግን የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ ቀስ እያለ በየዕቃው ላይ ይቀመጣል። ቡና አታፍይ የሚባል እናት የለም። ቡና ሲቆላ በሬ ይዘጋል፣ ማይክ ወደ ምሳ ዕቃው ይገባል፣ እኔም ወደ ቡናው እሄዳለሁ። ዘፋኝ ካለም አብሮኝ ይሄዳል። ከሦስተኛው ሲኒ በኋላ የሚዘፈን ዘፈን ደግሞ ሌላ ነው።

ክረምት ሲገባ ፍርሃቱ ይገለበጣል፤ አቧራው ይጠፋና እርጥበት ይመጣል። የመሰንቆና የከበሮ ቆዳ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ተጫዋቾቹ እሳት ዳር ሞቅ አድርገው ነው የሚመልሱት። ስለዚህ ከበሮ እኔ ጋ ሊሾው ላይ አይቀመጥም፣ መስኮት ሥርም አይቀመጥም፤ ከመደርደሪያው የላይኛው ሳንቃ ላይ ነው ቦታው።

ስለ ሰዓትም ላውራ፤ እሱም የማሰናዳት አካል ነው። 44ቱ ታቦት ያሉባት ከተማ ውስጥ ድምፅ መቅዳት ማለት የበዓላትን ሰሌዳ መሸምደድ ማለት ነው። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27፤ የዋዜማው ሌሊትና የዕለቱ ጠዋት የማኅሌቱ ድምፅ በማጉያ ነው የሚመጣው። የመስጊዱ አዛን አለ፤ ዶሮ አለ፤ የትምህርት ቤት መልቀቂያ አለ። እነዚህን ልከላከል አልችልም፣ አልፈልግምም። ጠረጴዛዬ ፊት ባለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጸጥታ ያለባቸውን ሰዓቶች በእርሳስ አክብቤ፣ ለስላሳ ዘፈን ያለውን ሰው እዚያ ላይ እቀጥራለሁ። ከበሮና ጭፈራ ያለው በማንኛውም ሰዓት ይምጣ።

የማይታየው ጓዳ ከሚታየው ይብሳል፤ ፋይሉን ማለቴ ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ጥራት የተቀዳ አንድ ድምፅ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይበላል። አሥር ትራክ፣ ማለትም ለየብቻ የተቀዳ አሥር ድምፅ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን 345 ሜጋባይት አካባቢ ነው፤ ገና ድጋሚው ሳይቆጠር። በዚህ ፍጥነት ላፕቶፕ ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ ሰው መጣል ይጀምራል፣ በችኮላ የተጣለ ነገርም ይናፈቃል።

ማኅደሮቼን የምሰይመው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የሰውየው ስምና ዘፈኑ። ለምሳሌ 2017-05-11 ካለ የ2017 ጥምቀት ዕለት የተቀዳ ነው። ኮምፒውተሩ የራሱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ማታ 2 ሰዓትንም 20፡00 ይላል፤ ይበል። ደንበኛ መጥቶ የሚለኝ ግን «ለጥምቀት ሰሞን የቀዳነው» ወይም «ፍልሰታ ሊገባ ሲል የዘፈንኩት» ነው። በዚያ መንገድ ካልተሰየመ ወር ከመቀነስና ሰባት ነው ስምንት ከማለት አልገላገልም። ዓመቱ ስለሚቀድም ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድርልኛል፤ ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትገባለች።

ሌላው የፊደላችን ነገር ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲፈልግ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ፋይሎች ናቸው። ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ መርጬ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌአለሁ፤ የሊቃውንቱ ምርጫ መሆን አለመሆኑ ለጊዜው አያስጨንቀኝም፣ ሁልጊዜ ያው መሆኑ ይበቃኛል።

አዝማሪ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ሥርዓት ይፈተናል። ወጣት ዘፋኝ አንዱን ግጥም ደጋግሞ ይዘፍናል፤ ከድግግሞሹ የተሻለውን ትይዛለህ፣ የቀረውን ትጥላለህ። አዝማሪ አይደግምም። ዜማው ያው ነው፣ ስንኙ ግን በየዙሩ ሌላ ነው። «ተቀበል!» የሚል ሰው አጠገቡ ካለማ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ «የተበላሸ» የሚባል ቅጂ የለም፤ መሰንቆው የሳተበት ዙር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቅኔ ይገኝ ይሆናል። አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ሲመጡ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፤ የዙሩን ቁጥር፣ ደቂቃውን፣ የስንኙን የመጀመሪያ ቃላት፣ ግጥሙን የሰጠው ሌላ ሰው ከሆነም ማን እንደሆነ እጽፋለሁ። ይህ ደብተር ከሌለ የአንድ ሰዓት ቅጂ መልሶ ለመፈለግ የአንድ ሰዓት ማዳመጥ ይጠይቃል።

እኚህ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ ዕለት ቆመው ክፍሉን ዙሪያውን አዩ። ኩላቡን፣ ቋጠሮውን፣ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን እርሳስ።

«ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ። ይቺ ማይክ ናት፣ ወደ እሷ ነው።»

«አውቃታለሁ ልጄ፣ እኔን ነው የማታውቀኝ» አሉና ደጋኑን ሙጫ አስነክተው፣ ጭራውን አንዴ ሳብ አድርገው ጀመሩ፦

ገመዱን ጠቅልሎ፣ ቤቱን አሰናድቶ፣
ድምፄን ይቀዳል ወይ ጠላውን ረስቶ።

እማዬ በር ላይ ነበረች። ሳቋ እዚያው ቅጂ ውስጥ አለ፤ አላወጣሁትም። ጠላውም ወዲያው መጣ። ጠርሙስና ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ እንዳይቀመጥ ከዘፋኙ ወንበር በስተቀኝ አንዲት በርጩማ ያኖርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ገመድ በዚያ በኩል አያልፍም።

ለተቀዳው ነገር ማኖሪያ የማውቀው ሕግ ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ክፍሉ ውስጥ ባለው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው አዘዞ አክስቴ ቤት፣ ሣጥኗ ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ። ቤት ቢቃጠል ወይም ሌባ ቢገባ ላፕቶፑና ዲስኩ አብረው ነው የሚሄዱት፤ የአዘዞው ይተርፋል። አክስቴ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቃኝ አታውቅም። ዲስኩን ልለውጥ ስሄድ ግን ምሳ ሳልበላ አትለቀኝም፤ ስለዚህ መጠባበቂያ መያዝ እኔ ላይ ሸክም ሆኖ አያውቅም።

ትልቁ ማጣራት የሚሆነው በሁዳዴ ነው። በ55ቱ ቀናት ሠርግ የለም፣ ዘፈን የሚቀዳ ሰውም አይበዛም። ያኔ ማኅደር በማኅደር እየከፈትኩ ስም የሌላቸውን እሰይማለሁ፣ የተደጋገመውን እጥላለሁ፣ ደብተሩን ከፋይሉ አስታርቃለሁ። በዚያው ሰሞን ከአባቴ ካሴቶች ጥቂቶቹን ወደ ኮምፒውተር አሻግራለሁ፤ የዘመድ ሠርግ፣ የልቅሶ እንጉርጉሮ፣ አንዱም ላይ ጎረቤታችን ዶሮ ስትጠራ ብቻ። በካሴት መቻኮል የለም፤ የ60 ደቂቃውን ለማሻገር 60 ደቂቃ መቀመጥ ነው፣ በየ30 ደቂቃው ተነስቶ መገልበጥ። የቴፑን አንባቢ በአልኮል በተነከረ ጥጥ መጥረግ፣ ካሴቱን ከስፒከር ማግኔት ማራቅ፣ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ አጠንጥኖ ቀጥ አድርጎ ማቆም። ከካሴቶቹ ብዙዎቹ ላይ የተጻፈው «የሠርግ» ብቻ ነው። የማን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ላፕቶፑን ይዤ በየዘመዱ ቤት እዞራለሁ፤ ያ ደግሞ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አሁን የቀረኝ ጣሪያው ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክፍሉ ውስጥ ማይክ ቀርቶ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ሰኔ ሳይገባ ኮርኒሱ ላይ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ልደረድር አስቤያለሁ፤ ክብደትም ልስላሴም በመጠኑ ይሰጠኛል። እማዬ «ለአይጥ ቤት ልትሠራ ነው» ብላዋለች፤ አናጺው ደግሞ ማገሩ አይችለውም ይላል። ሦስታችን እስክንስማማ ድረስ በክረምት ሊቀዳ የሚፈልግ ሰው በጠዋት ይምጣ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጥለው።